በሰባቱ በሮች ቅዳሜ የለም

እናቴ ከእስረኛ ጋር ፍቅር እንደያዘኝ ያወቀችው ሐሙስ ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ፎጣ ይዛ ተራዋን ስትጠብቅ ነው። እኔ ውስጥ ሆኜ ከመስተዋቱ ጋር አወራለሁ። «ቅዳሜ ሊሞት ነው፤ ያውም በእኔ እጅ» ስል ሰማችኝ። የቀረውን እንዳትሰማ ብዬ ውኃውን ከፈትኩት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው።

በሩን ስከፍት ፎጣዋን ደረቷ ላይ አጣብቃ ቆማለች።

«ማነው የሚሞተው?»

«ማንም።»

«ማንም ከሆነ ዓይንሽ ለምን አበጠ?»

«እስረኛ ነው እማዬ። ማለቴ እውነተኛ እስረኛ አይደለም፤ ፈጠራ ነው።»

«እሱማ ሁሉም የፈጠራ ክስ ነው የሚሉት» አለችና ሄዳ ሶፋው ላይ ዘጭ አለች። ግን አላስቻላትም። «ምን ሠርቶ ነው የታሰረው?»

«ስለላ።»

አሰበችበት። «ከስርቆት ይሻላል» አለች፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ ተናደደች። «የአለቃሽ የሐኪሙ የወንድም ልጅ፣ መኪና ያለው፣ ጨዋ ልጅ፣ ምንም ያልሆነ ጥርሱን ይዞ በየሳምንቱ እየመጣ ‹እስቲ እዪልኝ› ሲልሽ አላይም ብለሽ ሰላይ ትወጃለሽ? ሰው ምን ይለኛል?»

እናቴ እንዲህ ስትጀምር ማቋረጥ አይቻልም። እሷ እስክትጨርስ ድረስ እኔ ለእናንተ ነገሩን ላስረዳ።

ሰባቱ በሮች የሚባል አገር አለ። ካርታ ላይ አትፈልጉት፤ ስልካችን ውስጥ ነው። መቶ የምንሆን ሰዎች ተሰባስበን የፈጠርነው አገር ነው። እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባህሪ ይዘን፣ እሱን ሆነን፣ በየተራ እየጻፍን ታሪኩን እንቀጥላለን። አንዱ ንጉሥ ነው። አንዷ መርዝ ቀማሚ ናት። አንዱ ደግሞ ከመጣ ጀምሮ ፈረስ መሆን ነው የምፈልገው ብሎ ፈረስ ሆኖ ቀርቷል። እኔ የሰሜኑ ምሽግ አዛዥ ነኝ። በቡድኑ ውስጥ መቀስ ይሉኛል፤ ለምን እንደሚሉኝ የሚጠይቅ ሰው ትንሽ አብሮኝ ይቀመጥና ይየው።

ሁለት ክፍል አለን። አንደኛው መድረክ ይባላል፤ እዚያ የሚጻፈው ሁሉ የገጸ ባህሪው ንግግር ነው። ሌላው እልፍኝ ነው፤ እዚያ እንደ ራሳችን ሆነን እናወራለን፣ እንተራረባለን፣ ስለ ቤት ኪራይ እናማርራለን። መድረክ ላይ እንደ ራሱ ሆኖ አንዲት ቃል የጻፈ ሰው ሳምንት ሙሉ አፉ ይዘጋል፤ በሁለቱም ክፍል ማየት እንጂ መጻፍ አይችልም። ይህን ሕግ ያመጣሁት እኔው ነኝ። ንጉሡ በጦርነቱ መሐል «ቆይ ድስቱ አረረብኝ» ብሎ ጽፎ ያን የመሰለ ውጊያ ስላበላሸብን ነው። ሕጉን የምታስከብረው ዳኛችን የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። በልቅሶ የማትረታ ሰው ብትኖር እሷ ናት።

ወደዚህ አገር የዛሬ ዓመት ገደማ አንድ ሰው መጣ። ስሙን ራሱ «ዘገምተኛው» ብሎ አወጣ፤ አልዋሸም። አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ሰው ተጋብቶ የሚፋታበትን ጊዜ ይወስድበታል። «ዘገምተኛው እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ብቅ ይላል። ፈረሱ ሳይቀር ይሰለቻል። ከዚያ ጽሑፉ ይመጣል። ሲመጣ እኔ፣ የሰው ጽሑፍ ሳነብ ከንፈሬን የማጣምመው መቀስ፣ ጸጥ እላለሁ።

ገጸ ባህሪው በእኔ ምሽግ የታሰረ ሰላይ ነው። አዛዧና እስረኛው የሚነጋገሩት በተዘጋ በር ነው፤ ተያይተው አያውቁም። አንድ ቀን እስረኛው አዛዧ እንደደከማት ከአተነፋፈሷ ያውቃል። ቢነግራት ኩራቷን እንደሚነካባት ስላወቀ ምንም አይላትም። ዝም ብሎ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ እሷም ትቀመጥ ዘንድ የልብሱን ድምፅ ያሰማታል። በቃ፣ የጻፈው ይህንኑ ነው። ያን ቀን ሥራ ቦታ የአንድ ሽማግሌ መንጋጋ በእጄ ይዤ አለቀስኩ። አትደንግጡ፣ መንጋጋው የጀሶ ነው፤ ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው።

ዘገምተኛውን ሳላየው ሥዬዋለሁ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው ብዬ ወሰንኩ። ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ ግድግዳው በመጽሐፍ የተሞላ። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰም ሳቀልጥ፣ ጀሶ ሳቦካ የምውል ሰው። ስለ ኑሮዬ አንድም ቀን አለመጠየቁ ያናድደኝና፣ እንኳንም አልጠየቀኝ ብዬ ደግሞ እጽናናለሁ። አንድ ከተማ እንደምንኖር ግን ሁለታችንም እናውቃለን። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ አብረን እንጠፋለን፣ ሲመጣ አብረን ብቅ እንላለን። የምሽጋችንን ደወል የጻፈውም እሱ ነው፤ እስረኞች ፀሐይ ሊሞቁ የሚወጡት እሱ ሥር ነው። ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ሲመታ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ የሚያወጣ ደወል። አሮጌው እሳት አደጋ ጣቢያ ፊት ያለው ደወል እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ስገባም ስወጣም በአጠገቡ ነው የማልፈው።

ታዲያ ባለፈው ሰኞ ከሰዓት ይህ ሰው መድረክ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«በበር መነጋገር ሰለቸኝ። ዓመት ሙሉ ፊትሽን በልቤ ስሠራና ሳፈርስ ኖርኩ። እኔ አንቺ የምታስቢኝ ሰው አይደለሁም፤ ከዚያ አንሳለሁ። ቢሆንም እንዳለሁ እዪኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ደወሉ ሥር እጠብቅሻለሁ። ካልፈለግሽ አንድ ቃል ይበቃኛል፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም።»

ባለ ሦስት እግር ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀናሁ። በማን ብትሉኝ በአዛዧ ነው፤ በገዛ ገጸ ባህሪዬ። እኔን እንደዚህ የለመነኝ ሰው የለም። እኔን የሚለምነኝ የሐኪሙ የወንድም ልጅ ነው፤ እሱም «መንጋጋ ጥርሴን እዪልኝ» እያለ። ነገር ግን ሙያ ሙያ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ተጽፎ መልሱ ቢልፈሰፈስ ነውር ነው። አዛዧ ኩሩ ናት፤ እኔም መቀሴን ስዬ ተነሣሁ።

«እስረኛ፣ ፊትህን ምን ላድርገው? እስካሁን ያላሰለቸኝ በበሩ በኩል የሚመጣው ምላስህ ብቻ ነው። አንተን ከነምላስህ ባወጣህ ለምሽጉ አንድ የሚቀለብ አፍ ጨመርኩ እንጂ ምን አተረፍኩ? እዚያው ሁን። ጨለማው ያምርብሃል።»

እልፍኙ በጭብጨባ ተናጋ። ንጉሡ «የዓመቱ ምርጥ» አለ። ፈረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ቋንቋ ተናገረና «ጨካኝ» አለኝ። ዘገምተኛው ብቻ ትንፍሽ አላለም። አድናቆቱን ከእሱ ነበር የምፈልገው፤ ዝም ሲለኝ ሰበብ ፈልጌ ልነካካው ብዬ እልፍኝ ውስጥ እንዲህ አልኩት፦ «በነገራችን ላይ ጌታው፣ በሰባቱ በሮች ቅዳሜ የለም። ቀኖቻችን በበሮቹ ስም ነው የሚጠሩት። ዛሬ ገና ስትሳሳት ያዝንህ።» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በማግሥቱ ዘገምተኛው ለዳኛዋ ጻፈላት። ሥራ እንደበዛበት፣ ከቡድኑ እንደሚወጣ፣ እስረኛው እንዲሞትለት። «ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ላይ አዛዧ ፍርዱን ትጻፍ። እሱን አንብቤ እሄዳለሁ።» በግል ምን ሆነሃል ልለው ብሞክር መልእክቴ አልሄድ አለ። ዘግቶኛል። እንግዲህ እኔ እስረኛውን ገድዬ ስጨርስ ሰውየውም ላይመለስ ይሄዳል፤ ምን እንዳደረግሁት ግን አላወቅሁም።

ይህን ሁሉ ሐሙስ ጠዋት ለእናቴ አስረዳኋት። የነገርኳትን ገጸ ባህሪ ሁሉ በጣቷ እየቆጠረች ሰማችኝና፦

«ታዲያ አዛዧ አንቺ ከሆንሽ ለምን አትፈቺውም?» አለች።

«እሱ ራሱ ነው ልሙት ያለው።»

«ምን ብለሽው?»

«ምንም አላልኩትም እማዬ።»

«እንጃልሽ። ዝም ብሎ ልሙት የሚል ወንድ አላየሁም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ለመሆኑ ምኑን ነው የወደድሽው? መልኩን አላየሽ፣ ቤቱን አታውቂ።»

«አጻጻፉን» አልኩ። ጮክ ብዬ ስናገረው ለራሴም አስቂኝ ሆነብኝ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። «እኔ አባትሽን የወደድኩት አረማመዱን ነው» አለች። «ከኋላው ከኋላው ነበር የምሄደው። ፊቱን ያየሁት ቆይቶ ነው።» ፎጣዋን አነሣች። «በአረማመድ ከተወደደ በአጻጻፍስ ለምን አይወደድ።»

«እወደዋለሁ መሰለኝ» አልኳት።

«መሰለኝ አትበይ። በጠዋት ውኃ ከፍተሽ የምታለቅሺው መስሎሽ ነው?» ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ እኔም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እውነቷን ነው። እወደዋለሁ። የማላውቀውን ሰው፣ አንዲት ቃል ስቶ ለመጻፍ የሚፈራ ሰው፣ እንደሱ መጻፍ እየተመኘሁ ወደድኩት፤ መቼ ምኞቱ አልቆ መቼ ፍቅሩ እንደጀመረ አላውቅም።

ቅዳሜ ሥራ ገባሁ። የአንድ ሰውዬ የላይኛው ጥርስ ለሰኞ መድረስ ነበረበት። ጀሶውን በጎድጓዳ ሳህኑ እያማሰልኩ፣ ስልኬን ከሰም ማቅለጫው ጎን አቁሜ የዘገምተኛውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ያዝኩ። የሚገባውን ሞት ልጽፍለት አስቤ ነው። ከዚህ በላይ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።

ሳነብ የበፊቱ ግርምት እንደገና ያዘኝ። ይህ ሰው አይስትም። እኔ አዛዧን ግራ እጇን አቁስዬ በማግሥቱ በዚያው እጇ ሰይፍ ያስመዘዝኩ ሰው ነኝ። የእሱ እስረኛ ግን ሲታሰር የተበጠሰች አዝራሩ እስከ ዛሬ እንደተበጠሰች ናት። ጨረቃዋ ስትሞላና ስትጎድል ይቆጥራል። አዲሱ ንጉሥ ነግሦ የሁለት በሮችን ስም ሲያቀያይር ሁላችንም ቀኖቹን እያምታታን ወር ሙሉ ስንሳሳት፣ አንድም ቀን ያልተሳሳተ እሱ ብቻ ነው። እንዲያውም እልፍኝ ውስጥ በትሕትና ያረመን እሱ ነው።

እጄ ቆመ። እንዲህ ያለ ሰው ቅዳሜን ተሳሳተ?

አልተሳሳተም። ቅዳሜ ያለው ቅዳሜን ነው። ዛሬን። ደወሉም በምሽጋችን ያለው ደወል አይደለም፤ ከእኔ መሥሪያ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው ነው። ዓመት ሙሉ በልቡ ፊቷን የሚሠራላት ሴት አዛዧ አይደለችም። «እኔ አንቺ የምታስቢኝ ሰው አይደለሁም፤ ከዚያ አንሳለሁ» ያለኝ እኔን ነው። እኔስ ምን አልኩት? የሚቀለብ አፍ አልኩት። ከዚያም ሰው ሁሉ እያየ ቅዳሜውን ቀለድኩበት።

ጀሶው በዚህ መሐል ደርቋል፤ የተጨማለቀ ቀኝ እጄንም ከማማሰያው ጋር አጣብቆታል።

ሰዓቴን ሳይ ዐሥር ሊሞላ ነው። በግል ዘግቶኛል፤ እልፍኝ ውስጥም ከማክሰኞ ጀምሮ ብቅ ብሎ አያውቅም። እሱ የሚያየው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መድረኩን። መድረኩን ደግሞ ለራስ ጉዳይ የነካ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዳኛዋ ጽፋለች፦ «ምሽጉ ጸጥ ብሏል። እስረኛው በሩ ፊት ቆሟል። አዛዧ ትናገር።» መቶ ሰው እየጠበቀ ነው።

በግራ እጄ፣ በአውራ ጣቴ፣ ፊደል እየለቀምኩ መጻፍ ጀመርኩ። ነገሩን በቅደም ተከተል ልናገር አሰብኩ። መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ፣ ቀጥሎ ይቅርታ፣ ከዚያ ፍቅር። መጨረሻ ላይ ደግሞ እመጣለሁ ልለው። እናም ይህን ላክሁ፦

«እኔ አዛዥ አይደለሁም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠራተኛ ነኝ።»

ሁለተኛውን ስጀምር ስልኬ መጻፊያውን ነጠቀኝ። ዳኛዋ ሥራዋን ሠርታለች፤ ሕጉን ስላወጣሁት አታዳላልኝም። ዓመት ሙሉ ያመቀችውን ልትናገር አፏን የከፈተች ሴት ስለ ጥርስ ተናግራ ተዘጋች። እልፍኙን ስመለከት ንጉሡ «አልገባኝም፤ ጥርሱን ልታወልቀው ነው?» ብሎ ጠይቋል። ፈረሱ «ጨካኝ» ብሏል።

ጋውኔን ሳላወልቅ ወጣሁ። ሐኪሙ በር ላይ አገኙኝ።

«ወዴት ነው? የሰውየው ጥርስ ለሰኞ ነው እኮ።»

«እመለሳለሁ ዶክተር። እስከ ሰኞ በድዳቸው ይሳቁ።»

ምን እንዳሉኝ አልሰማሁም። ማማሰያውን መንገድ ላይ ከግንብ ጋር እያጋጨሁ አላቀቅሁት። አልመጣ ይሆናል እያልኩ ነው የምሮጠው። እንደዚያ የተባለ ሰው ለምን ይመጣል? እኔ ብሆን አልመጣም። እኔ ብሆን ከተማውንም እለቅ ነበር።

ደወሉ ሥር ሰው አለ። ልቤ ዘለለች። ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ በብብቱ ወፍራም መጽሐፍ የያዘ፤ ራሴ እንደሣልኩት። ሰዓቱን ያያል፣ ግራና ቀኝ ይመለከታል። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ዘገየሁብህ» አልኩት እያለከለክሁ። «ይቅርታ አድርግልኝ። ቅዳሜ ማለትህ ዛሬ ነው የገባኝ።»

«ምንም አይደል» አለኝ በሚያምር ድምፅ። «ቤቱ ቅርብ ነው? ውኃ በፈረቃ ከሆነ ግን ካሁኑ ንገሪኝ።»

ደላላ ነው የሚጠብቀው። ነገሩን እስካስረዳው ድረስ ሁለት ጊዜ የክፍሎቹን ብዛት ጠየቀኝ። ከእሱ ስላቀቅ በሐፍረት ጆሮዬ ግሎ፣ ማንንም ላለማየት ስልኬን ከፈትኩ። መድረኩ ላይ ምልክቱ ብቅ አለ። «ዘገምተኛው እየጻፈ ነው።»

ጠፋ። ብቅ አለ። ጠፋ።

ቀና አልኩ። ከደወሉ ምሰሶ ጀርባ፣ የድንጋይ ደረጃው ላይ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው የመሣሪያ ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። በአንድ ጣት ነው የሚጽፈው። ጣቱን ሲያሳርፍ ስልኬ ላይ ያለው ምልክት ብቅ ይላል፤ ጣቱን አንሥቶ አገጩን ሲያክክ ይጠፋል። ለማረጋገጥ ቆሜ አየሁ። አከከ፣ ጠፋ። ጻፈ፣ ብቅ አለ።

አጭር ነው። መነጽር የለውም። ጆሮዎቹ ለጭንቅላቱ ትንሽ ሰፋ ያሉ ናቸው። የሣልኩት ሰውዬ ከደላላው ጋር ቤት ሊያይ ሲሄድ በጎን ዓይኔ አየሁት፤ አንድም ነገር አልጎደለብኝም።

ከኋላው ሄጄ በትከሻው ላይ አነበብኩ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።

«እኔም እስረኛ አይደለሁም። አሳንሰር ጠጋኝ ነኝ። ሰው ሲዘጋበት እስክከፍትለት ድረስ እንዳይፈራ በሩ ማዶ ሆኜ አወራዋለሁ፤ በበር መነጋገር የተማርኩት እዚያ ነው። አንቺን ግን»

«አንቺን ግን» የሚለውን አጠፋው። መልሶ ጻፈው። እንደገና አጠፋው። መልሶ ጻፈውና ጣቱ አየር ላይ ቆማ ቀረች። እኔ ደግሞ መታገሥ አልፈጠረብኝም።

«አንቺን ግን ምን?» አልኩት።

ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሣ። ስልኩ ከእጁ ሊያመልጥ ሲል ቀለበው፣ ሲቀልበው ነካው፣ ጽሑፉም እንዳለ መድረኩ ላይ ወጣ። ሁለታችንም እናየዋለን። ብዙም ሳይቆይ የእሱም መጻፊያ ተነጠቀ። ዳኛዋ ዛሬ በሥራ ላይ ናት።

ዞሮ አየኝ። መጀመሪያ ጋውኔን፣ ከዚያ ነጭ የሆነውን ቀኝ እጄን፣ ከዚያ ፊቴን። ፊቴ ላይ ቆየ።

«ጥርስ» አለኝ።

«ጥርስ» አልኩት። «ጠበቃ መስዬህ ነበር?»

«ዳኛ» አለ። «ያውም ከፍተኛ ፍርድ ቤት።»

ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ የተባባልን ሰዎች ፊት ለፊት ቆመን አንዳችን የሌላውን ጫማ እናያለን። እሱ የቦርሳውን ዚፕ ይከፍታል፣ ይዘጋል። መቼም አንዳችን መጀመር አለብን።

«ሰኞ የጻፍኩት» አልኩ፣ ድምፄ እየሰለለ። «ለእስረኛው መስሎኝ ነው። ለአንተ መሆኑን ባውቅ ከምጽፈው እጄ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። በግል ልልክልሽ ስል መድረክ ላይ ለጠፍኩት። የት እንደላክሁት ያየሁት መልስሽ ከመጣ በኋላ ነው።» ቀስ እያለ ነው የሚናገረው፤ እያንዳንዱን ቃል አንሥቶ መዝኖ ነው የሚያስቀምጠው። «ገብቷት በአዛዧ አፍ እምቢ አለችኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቅዳሜውን ስትስቂበት ደግሞ... በቃ፣ ቁርጤን አወቅሁ።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን መጣህ?»

«ከሥራ ፈቃድ አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። መልሼ አልፈልግም ማለት አፈርኩ።» የቦርሳውን ዚፕ ዘጋ። «የምሞተውን ሞትም እዚሁ ሆኜ ላነበው ፈለግሁ። ጥሩ አድርገሽ እንደምትጽፊው አውቃለሁ።»

«ክፉ ነገር ነው የጻፍኩብህ» አልኩት።

«ክፉ ነው» አለ ሳያመነታ። «ሁለት ቀን እህል አልበላሁም። ግን አንድ የሚቀለብ አፍ ያልሽው... ልቤን ቢሰብረውም ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ነው። ከእሱ ላይ የሚነሣ አንድ ቃል የለም። ብዙ ጊዜ ፈለግሁ።»

እዚያ ላይ ሳቄና እንባዬ አብረው መጡ። አቁስዬው፣ ቁስሉን አገላብጦ አይቶ የእጄን ሥራ ያደነቀልኝ እሱ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኛል፤ ስድቡም ይገባኛል። እሱ ግን ያነባል። ከሁሉም በፊት የሚያነብ ሰው ነው። እኔም ዓመት ሙሉ የራበኝ ለካ የሚያነበኝ ሰው ነው።

«አልጨረስከውም» አልኩት እንባዬን በጋውኔ እጅጌ እየጠረግሁ። «አንቺን ግን ምን?»

«ስጽፈው ነው የሚሻለኝ።»

«ሁለታችንም ሳምንት ሙሉ መጻፍ አንችልም።»

ስልኩን አየ፤ እውነት ነው። ከደረቱ ኪስ ከተተው። አገጩን አከከ። እኔም ጠበቅሁ። በሕይወቴ ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ ጠብቄ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን እስኪመሽ ብጠብቅ አይታክተኝም ነበር።

«አሳንሰሩ ሲከፈት» አለ በመጨረሻ፣ «ሰው ሮጦ ነው የሚወጣው። ይገባኛል፤ ፈርቷል። ግማሽ ሰዓት ያወራሁት ሰው፣ የልጆቹን ስም የነገረኝ፣ በሩ ማዶ ሲያለቅስ የሰማሁት ሰው፣ ፊቴን ሳያይ በአጠገቤ አልፎ ይሄዳል። አልቀየምም፣ ሥራዬ ነው።» ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። «አንቺን ግን በሩ ከተከፈተ በኋላም ላጣሽ አልፈልግም።»

መንገዱ ላይ መኪና ያልፋል፣ ሰው ያልፋል። የምሳለቅበት ነገር ፈለግሁ፤ ልማዴ ነው። አላገኘሁም፤ ፍለጋውንም ተውኩት። ፈርቼ ነበር፣ ደስ ብሎኝም ነበር፣ ሁለቱንም ያየብኛል ብዬ ፊቴን ልደብቅ ስል ትዝ አለኝ፤ ይህ ሰው የለመነኝ ፊቴን ነው።

አልደበቅሁም።

«አልሄድም» አልኩት፤ ያን ያህል ቀላል ቃል ተናግሬ፣ ያን ያህል ተደስቼ አላውቅም።